ወርዲ ምን አለ?

በሱዳኗ ገዳሪፍ ገበያ ዳር አንዲት ያገራችን ሴት ቡና የምታፈላበት ዳስ ነበር። የካርቱሙ ጦርነት ገና አልተነሳም። ምሰሶ ላይ የታሰረ ቴሌቪዥን፣ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ የተሰካ ፍላሽ፣ ፍላሹ ውስጥ ሱዳናዊው ዘፋኝ መሐመድ ወርዲ። ኮንሰርቶቹ በየተራ ይመጣሉ። እ.ኤ.አ. በ1994 አዲስ አበባ ላይ ያቀረበው ሲመጣ የእኛዎቹ ልጆች ብድግ አሉ፤ ከጎንደርም ከጎጃምም የመጡ፣ ሰሊጥ አጭደው ሒሳባቸውን የተቀበሉ ሳሉጎች ናቸው። ትከሻቸው መግቢያውን እንኳ አልጠበቀም። ያ አልቆ ሌላ ኮንሰርት ሲተካም አልተቀመጡም። ከማዶ አግዳሚ ላይ ነጭ ጀላቢያ የለበሱ ሦስት አዛውንቶች ነበሩ። ልጆቹ በላብ ተጠምቀው በሚጨፍሩበት ዘፈን መሀል፣ አንደኛው ሽማግሌ የጥምጥማቸውን ጫፍ ሳብ አድርገው ዓይናቸው ላይ ጫኑት። ሌላኛው፣ ሱዳኖች ዘፈን ልባቸውን ሲነካው እንደሚያደርጉት፣ ክንዳቸውን ወደ ላይ አንስተው ጣታቸውን ሊያጮሁ ነበር፤ ጓደኛቸውን ሲያዩ እጃቸውን መለሱ።

ከአጠገቤ የተቀመጠው ከመተማ ሸቀጥ ይዞ የሚመላለስ ነጋዴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለና፣ «አየህልኝ ወንድሜ? ሙዚቃ ቋንቋ አይፈልግም» አለኝ።

ዓይኑ እያየ! አንድ ዳስ፣ አንድ ስክሪን፣ አንድ ዘፈን፤ ግማሹ ይጨፍራል፣ ግማሹ እንባውን ይደብቃል። በሁለቱ አግዳሚዎች መካከል የነበረው ልዩነት የጆሮ አልነበረም፤ ድምፅ ማጉያው ለሁሉም እኩል ነው የሚጮኸው። የልብ ልዩነትም አልነበረም፤ ልጆቹ ክፉዎች አልነበሩም። ማዶ ያሉት ሰውየው ምን እያለ እንደሆነ ያውቃሉ፣ ወዲህ ያሉት አያውቁም። ይኸው ነው። ነጋዴው አባባሉን ለማስረገጥ የጠራው ምስክር፣ አባባሉን የሚያፈርሰው ምስክር ነበር።

አባባሉ የእሱ ብቻ ቢሆን ባልጻፍኩ። ሬዲዮ ላይ አለ፣ የሠርግ መድረክ መሪ ይለዋል፣ የሁለቱ ሀገር ባለሥልጣናት እራት በተገባበዙ ቁጥር ይለዋል፣ የወርዲ የአዲስ አበባው ኮንሰርት በታየበት ቦታ ሁሉ ከመጀመሪያው ጭብጨባ ቀጥሎ የሚሰማው እሱ ነው። እኔም ለብዙ ዓመት ብዬዋለሁ። ዛሬ ግን፣ ስንፍናችንን በፍቅር ስም የምናለብስበት ነጠላ ሆኖ ነው የሚታየኝ።

ለተቃራኒው ወገን ግን ዳኝነት አልነፍገውም፤ የሚለው ከንቱ አይደለም። እንዲህ ይላል። ሌላው ሱዳናዊ ዘፋኝ ሰይድ ከሊፋም ወርዲም ከሃምሳ ዓመት በላይ በእኛ ሠርግ ቤት ኖረዋል፤ ያኖሯቸው ሰዎች አብዛኞቹ አንድ ቃል አረብኛ አይችሉም። አንድ ሕዝብ ይህን ያህል ዘመን ያልገባውን ነገር እንዴት ይወዳል? ያለ ቃል የሚገባ ነገር ስላለ አይደለምን? ሁለተኛ፣ አምስቱ ድምፅ የጋራችን ነው፤ ሱዳናዊው ሲያዜም ከትዝታ ቤት የወጣ ይመስለናል። ሦስተኛ፣ ቅዳሴው በግዕዝ ሲዜም የማይገባቸው እናቶች እንባቸው ይወርድ የለም? ማን ነው ለእነሱ «ካልተረጎማችሁ አታልቅሱ» የሚል? አራተኛ፣ ግጥም ሲተረጎም ይሞታል፤ ያልተተረጎመ ዘፈን ግን ቢያንስ በሕይወት አለ። አምስተኛውን ብዙ ጊዜ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው የሚናገሩት። በአል ፋሽቃ የድንበር መሬትና በሕዳሴው ግድብ የተነሳ መንግሥታቱ ቃል በተለዋወጡ ቁጥር ተጣልተዋል፤ ቃል የሌለው ዜማ ብቻ ነው ያላጣላን፤ ተዉልን።

መልካም ነው። ከቀላሉ ልጀምር።

የአምስቱ ድምፅ ነገር እውነት ነው፤ የኑቢያው ኪሲርና የእኛ ክራር ዘመዳሞች መሆናቸውን ለማወቅ ሊቅ መሆን አያስፈልግም፣ ማየት ይበቃል። ግን አምስት ድምፅ የቻይናም ነው፣ የስኮትላንድም ነው፣ የማሊም ነው። ለቻይና ዘፈን ትከሻውን የሰበቀ የጎንደር ሙሽራ አይታችኋል? ደግሞስ የእኛው አንቺ ሆዬና አምባሰል ከሱዳኑ አምስት ድምፅ ጋር መች በቀላሉ ይገጥማሉ? ቅኝቱ በሩን ከፍቶልን ይሆናል። ደጃፍ ላይ ቆሞ መጨፈር ግን ቤት መግባት አይደለም።

አሁን ነገሩን እንገልብጠው። ጥላሁን ገሠሠ ለወሎ ረሀብ የተጫወተውን «ዋይ ዋይ ሲሉ»ን አስቡ። በዚያው ዳስ ውስጥ አንድ የሱዳን ጎረምሳ ተነስቶ በዚያ ዘፈን ቢደንስ፣ አሸብሽቦ አሸብሽቦ ሲደክመውም መጥቶ «እኔ ጥላሁንን ከናንተ አሳንሼ አልወደውም፤ ሙዚቃ ቋንቋ የለውም» ቢላችሁ ምን ትመልሳላችሁ? አትቆጡትም። እንግዳ ነው። ፈገግ ትላላችሁ፣ ምናልባት ቡና ትጋብዙታላችሁ፣ ከሄደ በኋላ ግን አንዳችሁ ለአንዳችሁ «አያውቅም እኮ» ትባባላላችሁ።

ያቺን «አያውቅም» ያዙልኝ። ሽማግሌዎቹ እኛን የታገሱን በእሷ ነው። ሃምሳ ዓመት ሙሉ «እንዴት ይወዱናል!» ብለው ፈገግ ሲሉልን፣ ከፈገግታው ጀርባ ያቺ ቃል ነበረች። እኛ ግን ፈገግታውን እንደ ምስክር ወረቀት ቆጥረን ግድግዳ ላይ ሰቀልነው።

«ያልገባውን እንዴት ይወዳል?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ አጭር ነው፤ ይወዳል። ሰው የማያውቀውን በጣም ይወዳል፤ የማያውቁት ነገር አይቃወምም፣ አይጠይቅም፣ እንደፈለጉት ይሆናል። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። የወደድነው ወርዲን ነው ወይስ ወርዲ ሲዘፍን የሚሰማንን የራሳችንን ስሜት? ሁለተኛውም ነውር የለበትም። ሁለተኛውን ይዞ «ወንድማማችነት» ማለት ነው ነውሩ።

የቅዳሴው ክርክር ይከብዳል። እናቴ ከግዕዙ የሚገባት ጥቂት ነበር፤ እንባዋ ግን ውሸት አልነበረም። ነገር ግን ያቺን እናት ያስለቀሰው ሥርዓት ስለ ቃል ምን ይላል? ዜማ ቤት ዓመታት የከረመ ተማሪ «ጨረስኩ» ብሎ አያውቅም፤ ቅኔ ቤት ይጠብቀዋል፣ ከቅኔ ቤት በኋላ የመጻሕፍት ትርጓሜ ይጠብቀዋል። አንዲቷን ዐረፍተ ነገር «አንድም፣ አንድም» እያለ ሲገለባብጣት የሚውል መምህር ነው ያለን። ሕዝቡ ባይገባው እንኳ፣ የገባው ሰው ከመቅደሱ አይጠፋም፤ ሲጠየቅም ይመልሳል። የወሎን መንዙማ ተመልከቱ፤ አረብኛው ይነሳል፣ አማርኛው ተከትሎ ያነሳዋል፣ አድማጩ በሁለት ክንፍ ይበራል። ቤተ ክርስቲያኑም መስጊዱም «ዜማው ይበቃል» አላሉም። «ይበቃል» ያለው የሠርግ መድረክ መሪው ነው።

የሚያስገርመኝ ደግሞ ይህን የምንለው እኛ መሆናችን ነው። እኛ! አዝማሪ ቤት ገብተን «ተቀበል!» ብለን በራሳችን ስንኝ መሲንቆውን የምናዝዝ፣ ሰም ሲባል ወርቁን የምንፈልግ፣ በደርግ ዘመን ሳንሱር ያለፈ የፍቅር ዘፈን ሰምተን «ይቺ ለመንግሥት ነች» ብለን የምንጠቃቀስ ሕዝብ፤ ድንበር ስንሻገር ድንገት ቃል የማያስፈልገን ሆንን። የካሴታችን ሽፋን ላይ «ግጥም፦ እገሌ፣ ዜማ፦ እገሌ፣ ቅንብር፦ እገሌ» ተብሎ ይጻፋል፤ ይልማ ገብረአብን፣ ዓለምፀሐይ ወዳጆን፣ አበበ መለሰን በስም የምናውቃቸው ለዚህ ነው። ወርዲን እወዳለሁ የሚል አንድ ያገሬን ሰው ጥሩና፣ ከወርዲ ገጣሚዎች የአንዱን ስም ጠይቁልኝ። እኔ ጠይቄያለሁ። ወርዲን ራሱን ነው የሚጠሩልኝ።

ወርዲ ዜማ ደራሲ ነበር፣ ድምፁም የራሱ ነው፤ ግጥሙ ግን አብዛኛው የሌሎች ነው። በወጣትነቱ ያነገሡት የፍቅር ዘፈኖች ውስጥ ኢስማኢል ሐሰን አለ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1964 የካርቱም ዩኒቨርሲቲ ተማሪ አሕመድ አል ቁረሺ በጥይት ከተገደለ በኋላ ሕዝቡ ተነስቶ የጄኔራል አቡድን መንግሥት ሲጥል፣ ወርዲ ለዚያ ጥቅምት የዘፈነው በመሐመድ አል መኪ ኢብራሂምና በመሐመድ አል ፈይቱሪ ቃል ነው። ከዚያ ደግሞ ማህጁብ ሸሪፍ አለ፤ እስር ቤት ገብቶ ወጥቶ፣ ገብቶ ወጥቶ፣ «የሕዝብ ገጣሚ» የተባለው፣ እ.ኤ.አ. በ2014 ሲሞት ኦምዱርማን ያለቀሰችለት።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የክርክሬ ሁሉ እምብርት እዚህ ነውና።

እ.ኤ.አ. በግንቦት 1969 ጃፋር ኒሜሪ ሥልጣን ሲይዝ፣ ወርዲ ለአዲሱ መንግሥት ዘፍኗል፤ ማህጁብ ሸሪፍም ለዚያው መንግሥት የውዳሴ ግጥም ጽፏል። አዎ፣ እነዚያው ሁለቱ። ሁለት ዓመት እንዳለፈ፣ በሐምሌ 1971፣ ኒሜሪን ለመጣል የተሞከረው መፈንቅለ መንግሥት ከሸፈ በኋላ ሁለቱም ታሰሩ። ከዚያ ወዲህ የጻፉትና የዘፈኑት ያን ያወደሱትን ሰው የሚቃወም ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1985 ሕዝቡ ኒሜሪን ሲጥል፣ አደባባዩ ላይ የነበረው ድምፅ የእነሱ ነበር። ሱዳናዊ አድማጭ ይህን ሁሉ ያውቃል። አንዳንዱ ወርዲን ለ1969ኙ አልማረውም፤ አንዳንዱ «ሁላችንም ተታለን ነበር» ይላል፤ ቡና ቤት ውስጥ ይከራከራሉ፣ ይኳረፋሉ፣ ይታረቃሉ። ያ ነው ዘፋኝን መውደድ። አሁን ወደ እኛ ኑ። ወታደሩን የሚያወድሰው ዘፈን ሲመጣ እንጨፍራለን። ወታደሩን የሚረግመው ሲመጣ እንጨፍራለን። በአንድ ትከሻ፣ በአንድ ምት! ሰውየው በሕይወቱ የከፈለው ትልቁ ዋጋ፣ ከአንዱ ዘፈን ወደ ሌላው የተሻገረበት መንገድ፣ በእኛ ዘንድ አንድ ፍላሽ ላይ ያለ ሁለት ትራክ ነው። ከእሱ ጋር መስማማት ቀርቶ መጣላት እንኳ አንችልም። ከማትጣላው ሰው ጋር ምን ወዳጅነት አለህ?

ደግሞ ሌላም አለ። ወርዲ የተወለደው በሰሜን ሱዳን፣ በኑቢያ፣ ሰዋርዳ በተባለች መንደር ነው። አፍ የፈታበት ቋንቋ አረብኛ አይደለም። ሙዚቃ ቋንቋ የማይፈልግ ከሆነ፣ ይህ ሰው በአረብኛ ሀገር ምድሩን ከገዛ በኋላ ተመልሶ በኑቢያኛ መዝፈን ለምን አስፈለገው? ከገዳሪፍ ወደ ሰሜን፣ የእኛ የጓንግ ወንዝ አትባራ ተብሎ በሚፈስበት በኩል፣ አዲስ ሐልፋ የምትባል ከተማ አለች። የአስዋን ግድብ ውኃ ዋዲ ሐልፋን ሲውጣት፣ ከቀያቸው የተነሱ ኑቢያውያን እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ የሰፈሩባት ናት። እዚያ የወርዲ የኑቢያኛ ዘፈን ሲከፈት፣ ገዳሪፍ ያለው አረብ ጎረቤታቸው ራሱ እንግዳ ይሆናል። ዜማው አልተለወጠም፤ ሀገሩም አልተለወጠም፤ ሰዎቹ አንድ ገበያ ይውላሉ። ቃሉ ሲለወጥ ግን የሚያለቅሰው ሰው ይለወጣል።

እንዲያውም «ሙዚቃ ቃል አይፈልግም» ለማለት ገዳሪፍን የመሰለ መጥፎ ቦታ የለም። ይህች ከተማ ድሮ «ሱቅ አቡ ሲን» ትባል ነበር፤ በሹክሪያ ጎሳ አለቆች በአቡ ሲን ቤተሰብ ስም። ከዚያ ቤተሰብ ነው በ19ኛው ክፍለ ዘመን አል ሐርደሎ የሚባለው ገጣሚ የወጣው። የቡጣና ሜዳ ግመለኞች የሚያዜሙት ዱበይት የሚባለው ግጥም አራት ስንኝ ነው፤ ከበሮ የለው፣ ክራር የለው፣ በግመል ጀርባ ላይ ሆኖ አንድ ሰው በባዶ ድምፁ ይለቀዋል። ዱበይትን ከቃሉ ለዩትና ምን እንደሚቀር ንገሩኝ። የነፋስ ድምፅና የግመል ትንፋሽ።

«ግጥም ሲተረጎም ይሞታል» ለሚለው ያለኝ መልስ ትንሽ ይጎመዝዛል። ያ ነጋዴ ወዳጄ አረብኛ አያውቅም ብላችሁ እንዳትገምቱ። በደንብ ያውቃል። የሰሊጥ ኩንታል ዋጋ፣ የጭነት ኪራይ፣ ለኬላ የሚከፈለው፣ የብርና የጊኒ ምንዛሪ፤ አንዲት ነጥብ አታመልጠውም። ዋጋ ሲሆን ትርጉም አይገድልም፤ ሸቀጡ ሳይሞት ድንበር ይሻገራል። ዘፈን ላይ ሲደርስ ብቻ ነው ቋንቋ የሚጠፋበት። መተማና ገላባት ተያይተው የሚኖሩ ከተሞች ናቸው፤ በመካከላቸው የሌለው አስተርጓሚ ሳይሆን የሚጠይቅ ሰው ነው። በደርግ ዘመን በዚያ በኩል የተሰደዱት ገዳሪፍ ውስጥ ልጅ አሳድገዋል። እ.ኤ.አ. በ1984 ቤተ እስራኤሎች ኡም ራኩባ ላይ በበሽታና በረሀብ ወገናቸውን ቀብረዋል፤ በ2020 መጨረሻ ደግሞ ከትግራይ የሸሹት እዚያው ኡም ራኩባ ተጠልለዋል። በየዓመቱ ለሰሊጥ አጨዳ የሚሻገረውማ ቆጠራም አይችለው። ይህ ሁሉ ሰው ሱዳንኛ አረብኛን በመጽሐፍ አልተማረውም፤ በልመና፣ በሥራ፣ በፍርሃት፣ በፍቅር ተማረው። ግጥም የሚተረጉም ሰው ከዚህ የተሻለ የት ይማር?

ከሚያዝያ 2023 ወዲህ ደግሞ መንገዱ ተገልብጧል። ሱዳኖቹ ናቸው በመተማ በኩል የገቡብን። ሁልጊዜም በመልካም አልተቀበልናቸውም፤ ኩመርና አውላላ የስደተኞች ካምፕ የደረሰባቸውን ጥቃትና ዝርፊያ ለሰማ ሰው «ወንድማማች ሕዝቦች» የሚለው ንግግር ጉሮሮው ላይ ይቀራል። «ዘፈናችሁን እንወዳለን» እያልን፣ የዘፈኑን ባለቤት ድንኳን ውስጥ ሳንጠይቀው አሳደርነው። ዜማው ያለ ቃል የሚያግባባ ቢሆን ኖሮ፣ ሃምሳ ዓመት አብረን ከጨፈርን በኋላ ይህ ይሆን ነበር?

እዚህ ላይ አምስተኛው ክርክር ራሱ ይወድቃል። «ቃል ያጣላል፣ ዜማ አያጣላም።» አምባገነኖች ግን እንዲህ አያምኑም፤ በዚህ ጉዳይ ከእኛ የተሻለ አድማጮች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1989 ኦማር አል በሽር ሥልጣን ከያዘ በኋላ ወርዲ ከሀገሩ ወጣ። አዲስ አበባ ላይ የዘፈነው እንግዲህ ለጉብኝት የመጣ ኮከብ ሆኖ አልነበረም፤ ስደተኛ ነበር። በዚያው ዓመት፣ በኅዳር 1994፣ ኦምዱርማን ውስጥ በሙዚቀኞች ክበብ ዘፋኙ ኾጃሊ ዑስማን በጩቤ ተወግቶ ተገደለ፤ አብዱልቃድር ሳሊም ቆሰለ። የአዲስ አበባውን ኮንሰርት ያየን ሰዎች ይህን አጠገቡ አድርገን አይተነው እናውቃለን? እዚያ መድረክ ላይ የቆመው ሰው ወደ ቤቱ ቢመለስ ምን እንደሚጠብቀው እያወቀ የሚዘፍን ሰው ነው። ገዳዩ ዘፈን ቃል መሆኑን አውቋል። ሳንሱሩ ዘፈን ቃል መሆኑን አውቋል። ያላወቅነው ወዳጆቹ ብቻ ነን። ወርዲ ወደ ሱዳን የተመለሰው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው፤ ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በየካቲት 2012፣ እዚያው አረፈ።

የአል ፋሽቃም የግድቡም ጠብ ዘፈን ስለተተረጎመ አልመጣም። ሳይተረጎምም መጥቷል።

ለታላቅ ገጣሚ የሚደረግ የክብር ኮንሰርት በሌላው ዓለም እንዴት እንደሚታይ አንድ ምሳሌ ላንሳ። ካናዳዊው ሊዮናርድ ኮሄን በሕይወት ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ2005 ሲድኒ ኦፔራ ሃውስ ውስጥ ሌሎች ዘፋኞች ተሰብስበው የእሱን ዘፈኖች ተጫወቱ፤ ሊያን ላንሰን የተባለች ባለሙያ ከዚያ ፊልም ሠራች፣ ኮሄንን ራሱንም ቁጭ አድርጋ አናገረችው። እንዲህ ያለውን ፊልም አይቶ የወጣ አድማጭ የሚጨቃጨቀው ስለ ቃሉ ነው፦ ይሄኛው ዘፋኝ ያቺን ስንኝ ገብቶታል ወይስ አጣመማት? ባለቤቱ ራሱ ቢለው አይሻልም ነበር? መበሳጨቱ ራሱ አክብሮት ነው። ቅርብ ጊዜ ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. በ2024፣ የሂንድ መደብ «ሱዳን፣ አስታውሺን» የተባለ ዘጋቢ ፊልም ቬኒስ ላይ ታይቷል፤ የ2019ኙን አብዮት ወጣቶች ግጥምና ዘፈን ይዞ የሚጓዝ ፊልም ነው። እዚያ አዳራሽ የተቀመጠ ጣሊያናዊ፣ ሱዳንን በካርታ ላይ ፈልጎ የሚያገኝ፣ ከስክሪኑ ግርጌ ግጥሙን እያነበበ አየ። የጎንደሩ ሰው፣ ከገላባት የሦስትና የአራት ሰዓት መንገድ ላይ ያለው፣ ወርዲን ሲያይ ስክሪኑ ግርጌ ባዶ ነው። ማን ነው ጎረቤቱ?

ስለዚህ የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም፣ ግን አልተውም። የወርዲ ኮንሰርት በቴሌቪዥን በታየ ቁጥር፣ ከሥር የአማርኛው ፍቺ ይሂድ፤ የገጣሚው ስም በፊደል ይጻፍ፤ ትርጉሙን ደግሞ የሚሠራው ካይሮ የተማረ ሰው ብቻ ሳይሆን ገዳሪፍ ሻይ ያፈላ ሰው ይሁን። ውበቱ ይጎድል ይሆናል። ይጉደል! የጎደለ ፍቺ ይዞ የሚከራከር አድማጭ፣ ምንም ሳይጎድልበት ከሚጨፍር ይሻለኛል። ጭፈራውን አቁሙ አላልኩም፤ የሚያስጨፍረው ዘፈን ሲመጣ ጨፍሩ፣ እኔም እጨፍራለሁ፣ ባልችልበትም። የትኛው የሚያስጨፍር፣ የትኛው የሚያስቆም እንደሆነ እወቁ ነው የምለው። ይህን የማያውቅ ወዳጅ፣ ለቅሶ ቤት ገብቶ እልል የሚል ወዳጅ ነው።

ያን ቀን ልጆቹ ከተበተኑ፣ ሽማግሌዎቹም በዝግታ ተነስተው ከሄዱ በኋላ፣ ዝንጅብል የበዛበት የመጨረሻው ጀበና ሲወርድ፣ ባለቡናዋን ጠየቅኳት። «እህቴ፣ ቅድም ሐጂ ያለቀሱበት ዘፈን ምን ነበር የሚለው?»

«የጥቅምት ነው፣ ጋሼ» አለች፣ ቀና ሳትል። «ያኔ ተማሪ ነበሩ አሉ። ጓደኛ ሞቶባቸዋል።» ከዚያ ሲኒ እያጠበች፣ ዜማውን ትታ ቃሉን ብቻ፣ ቀስ እያለች፣ አንድ ጊዜ ተሳስታ ራሷን እያረመች በአማርኛ ነገረችኝ። አልጻፍኩትም፤ ጽፌው ቢሆን ዛሬ አውቀው ነበር።

አሥራ አንድ ዓመት እዚያ ቡና አፍልታለች። ይህን የጠየቃት ያገሯ ሰው ስንት እንደሆነ ጠየቅኳት። ሲኒዎቹን አንድ በአንድ ደፍታ ደረደረችና፣ «እርስዎ እንኳ ዛሬ ለምን ጠየቁ?» አለችኝ።